ጨዋማ ጥቁር ከረሜላ በቤታችን፦ ሳልሚያኩ መጨረሻ ላይ ይግባ

ስዊድን በገባሁበት የመጀመሪያ ክረምት ነው። አርብ ከሰዓት በሥራ ቦታ ቡና ሰዓት ላይ ጠረጴዛው መሃል አንድ ሳህን ከረሜላ ተቀምጧል። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጎኑ የተንጋደደ አራት ማዕዘን። ቸኮሌት መስሎኝ ሁለት ፍሬ ባንዴ አፌ ውስጥ ከተትኩ። መጀመሪያ ጨው ጨው አለኝ። ቀጥሎ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ከዚያ ከሥር ከሥር ጣፋጭ ነገር መጣ፣ ኡዞ ኡዞ የሚል። መትፋት ነውር፣ መዋጥ ጭንቅ። ባልደረቦቼ ዓይን ዓይኔን እያዩ ይስቃሉ፤ ለካ አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ በዚህ ነው የሚፈተነው።

አሁን እኔው በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲገባ ሁለት ሦስት ድስት እሠራለሁ። ስዊድኖች ለገና ከረሜላ ቤታቸው ማብሰል ይወዳሉ፣ ከነዚያ ውስጥ አንዱ ይሄ በክሬምና በሊኮሪስ የሚሠራው ለስላሳ ከረሜላ ነው። ስሙን ኮላ ይሉታል። መጀመሪያ ስሰማው የሚጠጣው መስሎኝ ነበር።

ብዙ ድስት አበላሽቻለሁ። ካበላሸሁ በኋላ የገባኝ ነገር ደግሞ አንድ ነው፦ ይህን ከረሜላ የሚገድለው የጨው መብዛት ሳይሆን ጨው የሚገባበት ሰዓት ነው። ሌላው ሁሉ ትዕግሥትና ቴርሞሜትር ነው።

መጀመሪያ፣ ምን እየሠራን እንደሆነ

ሁለት ነገር ነው የሚገናኘው። አንዱ ሊኮሪስ ነው። ስዊድኖች ላክሪትስ፣ ሆላንዶች ድሮፕ ይሉታል። ከአንድ ተክል ሥር ተቀቅሎ የሚወጣ ጭማቂ ነው፣ ጭማቂው ደርቆ ጥቁር ድንጋይ የመሰለ ነገር ይሆናል፣ ወይ ተፈጭቶ ዱቄት ይሆናል። ሥሩ ውስጥ ግሊሲሪዚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ከስኳር ከ30 እስከ 50 እጥፍ ይጣፍጣል። ዓረብ አገር የኖራችሁ ምናልባት ዒርቅ ሱስ ቀምሳችሁ ይሆናል። ካይሮና ደማስቆ በረመዳን መንገድ ላይ የሚሸጠው ጠቆር ያለ ቡናማ መጠጥ ከዚሁ ሥር ነው የሚሠራው።

ሁለተኛው ሳልሚያክ ነው፣ በኬሚስቶች ቋንቋ አሞኒየም ክሎራይድ። ነጭ ነው፣ ሲያዩት ጨው ነው የሚመስለው፣ ግን የወጥ ጨው አይደለም። የወጥ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ዓረቦች ሳልሚያክን ኑሻዲር ይሉታል። ድሮ ግብፅ ውስጥ የደረቀ የግመል ፋንድያ ተቃጥሎ ከጥላሸቱ ይወጣ ነበር። አትደንግጡ፣ ዛሬ በፋብሪካ ነው የሚሠራው። ፊንላንዶች ከረሜላውን ሳልሚያኪ ይሉታል፣ ያንን የተንጋደደ አራት ማዕዘን ቅርጽም በዚያው ስም ነው የሚጠሩት። በወጥ ጨው ብቻ ብትሠሩት ጨው ጨው የሚል ካራሜል ታገኛላችሁ፣ ክፉ አይደለም፣ ግን ያ ስንፍጫ አይኖረውም።

ስንፍጫው ከየት እንደሚመጣ በቅርቡ ትንሽ ተብራርቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኤሚሊ ሊማን የምርምር ቡድን ምላስ ላይ ኮምጣጣን የሚለየው ኦቶፕ1 የተባለ ፕሮቲን ለአሞኒየም ክሎራይድም ምላሽ እንደሚሰጥ አሳይቷል። ስለዚህ ስትቀምሱት «ጨው ነው ወይስ ኮምጣጣ?» ብላችሁ ብትደናገሩ ምላሳችሁ አልተሳሳተም።

ዕቃ ስትገዙ እኔ የሠራሁትን እንዳትሠሩ

የመጀመሪያ ሙከራዬ እንዲህ ነው የከሸፈው። ሱፐርማርኬት ገባሁ፣ የኬክ ዕቃ መደርደሪያ ላይ አሞኒየም የሚል ቃል የተጻፈበት ትንሽ ብልቃጥ አገኘሁ። ስዊድኖች ዮርትሆንሳልት ይሉታል፣ ቃል በቃል የዋላ ቀንድ ጨው ማለት ነው። አሞኒየም አሞኒየም ነው ብዬ ገዛሁ። የፈላው ካራሜል ውስጥ ስጨምረው ድስቱ እንደ ወተት ገነፈለ፣ ምድጃውን አልፎ ወለሉ ላይ ወረደ፣ ቤቱ በሙሉ ደግሞ ለሳምንት ያልተጠረገ ሽንት ቤት ሸተተ። ያ ብልቃጥ ኩኪስ የሚያስነሳ አሞኒየም ካርቦኔት ነው። ሲሞቅ ወደ አሞኒያ ጋዝ ነው የሚለወጠው። ለብስኩት ጥሩ ነው፣ ለከረሜላ ጥፋት ነው።

እናንተ የምትፈልጉት አሞኒየም ክሎራይድ ነው፣ አውሮፓ ውስጥ ቁጥሩ ኢ510። የከረሜላ መሥሪያ ዕቃ የሚሸጡ የኢንተርኔት ሱቆች ውስጥ ሳልሚያክ ተብሎ ይገኛል። ማሸጊያው ላይ ለምግብ እንደሚሆን በግልጽ የተጻፈበትን ብቻ ግዙ። ይኸው ኬሚካል ለብየዳ፣ ለባትሪና ለማዳበሪያም ይሸጣል፣ ርካሽ ነው፣ ግን ምን አብሮት እንዳለ አታውቁም። ርካሽ ነው ብላችሁ እዚያ እንዳትሄዱ።

የሊኮሪስ ዱቄትም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሥሩ ራሱ ተፈጭቶ ነው፣ ቀለሙ ቢጫ ቡናማ፣ ሽታው ደረቅ እንጨት። ከረሜላ ውስጥ ስታስገቡት አይሟሟም፣ ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። ሌላው ጭማቂው ደርቆ የተፈጨው ነው፣ ጠቆር ያለ፣ ውኃ ሲነካው የሚሟሟ። ይሄኛው ነው የሚያስፈልገን። ጣሊያን አገር ካላብሪያ ውስጥ የሚሠራው ደረቅ ጥቁር ፍሬም ይሆናል። እዚያ ሮሳኖ ከተማ ያለው አማሬሊ የተባለው ቤት እ.ኤ.አ. ከ1731 ጀምሮ ሊኮሪስ ላይ ነው ያለው። ፍሬውን ከገዛችሁ ግን በሙቅ ውኃ አሟሙት እንጂ በሙቀጫ ልውቀጠው አትበሉ፣ ሙቀጫው ነው የሚሸነፈው።

መጠን

ይህ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ለሆነ የኬክ ቅርጽ ይሆናል፣ ወደ 64 ፍሬ ይወጣዋል።

ስኳር 180 ግራም
ነጣ ያለ ሽሮፕ ወይም ግሉኮስ 200 ግራም
ስቡ 40 በመቶ የሆነ ክሬም 2 ዴሲ ሊትር
ቅቤ 50 ግራም
የሊኮሪስ ጭማቂ ዱቄት 15 ግራም
ሳልሚያክ 8 ግራም
የወጥ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ
ጥቁር የምግብ ቀለም፣ ከፈለጋችሁ

ቅቤ ስል የገበታ ቅቤ ነው። ንጥር ቅቤ እንዳታስገቡ፣ ኮረሪማና አብሽ ያለው ከረሜላ ነው የሚወጣችሁ። ሽሮፕ ስል ደግሞ የሳሉን አይደለም፣ ወፍራም የስኳር ሽሮፕ ነው። እሱ ስኳሩ መልሶ እንዳይደርቅና አሸዋ እንዳይሆን የሚይዘው ነው። ከጠፋ ማር ይሆናል፣ ግን ከረሜላው ይለሰልሳል፣ ቶሎም ይጠቁራል። እኔ በበኩሌ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ ማር ሳልሚያክ ውስጥ አላፈስም።

ሳልሚያኩን በሚዛን መዝኑት፣ በማንኪያ አይሁን። 8 ግራም ማለት ካለቀው ከረሜላ 1.5 በመቶ ገደማ ነው። ለጀማሪ ይበቃል። እጥፍ ካደረጋችሁት ወደ 3 በመቶ ይወጣል፣ ያ ለለመደ ሰው ነው። ለማነጻጸር፣ ጀርመን ውስጥ ከ2 በመቶ ያለፈ ሊኮሪስ «የአዋቂ ነው፣ የልጆች አይደለም» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበታል። ስለዚህ ቤት ልጆች ካሉ 8ቱን ግራም እንኳ ቀንሱት።

ቀለሙ ነገር። ሊኮሪስ ለብቻው ጥቁር ቡናማ እንጂ ጥቁር አያደርግም። ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ ከአትክልት የተሠራ ከሰል ነው የሚጠቀሙት፣ ኢ153 የሚለው። እቤት የኬክ ጥቁር ጄል ይበቃል። የፋርማሲ ከሰል ፈጭተው የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፣ እኔ አልመክርም፤ ያ ከሰል የተሠራው ሆድ ውስጥ መርዝ ለመምጠጥ ነው፣ የምትውጡትን መድኃኒትም አብሮ ይመጥጣል። ያለ ቀለም ብትተዉትም ጣዕሙ ያው ነው። እንግዳ ፊት ሲቀርብ ግን ጥቁሩ ያስፈራል፣ ደስታው ደግሞ እሱ ነው።

ድስቱ

ሥሩ ወፈር ያለ፣ ቢያንስ 3 ሊትር የሚይዝ የማይዝግ ብረት ድስት ያዙ። የምታበስሉት ግማሽ ሊትር ቢሆንም ክሬም ሲፈላ ሦስት እጥፍ ይነፋል። የመዳብና የነሐስ ዕቃ አይሆንም፣ ሳልሚያክ መዳብን ይበላል።

የኬክ ቅርጹን በመጋገሪያ ወረቀት አልብሱት፣ ወረቀቱን ዘይት ቀቡት። ይህን አስቀድሙ። ከረሜላው ሲደርስ ወረቀት የምትፈልጉበት ጊዜ አይኖራችሁም። ሳልሚያኩን በንጹሕ ሙቀጫ ወይም በሁለት ማንኪያ መካከል አድቅቁት፣ ሲያድር ይጓጉላልና። ስትፈጩት አፍንጫችሁን ራቅ አድርጉ። ቡና የሚወቀጥበት ሙቀጫ ላይ ግን እንዳትሞክሩት፣ ሽታውን ለማስለቀቅ ዓመት ይፈጃል።

ቅቤውን ለሁለት ክፈሉት። ግማሹን አቅልጡና የሊኮሪስ ዱቄቱን እሱ ውስጥ አሹት፣ እንደ ጥቁር ለጥፍ እስኪሆን። ዱቄቱን ደረቁን ከጨመራችሁት ይቋጠራል፣ እንደ ሽሮ። ሽሮ ግን ቢቋጠር እያማሰላችሁ ታፈርሱታላችሁ፣ ካራሜል ውስጥ የተቋጠረ ግን እስከ መጨረሻው አብሯችሁ ይኖራል።

ማብሰል

ስኳር፣ ሽሮፕ፣ ክሬምና የቀረውን ቅቤ አንድ ላይ ድስቱ ውስጥ ጨምሩና ቀስ ባለ እሳት አሙቁት። ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ሳይሟሟ እንዳይፈላ። ጣታችሁን ሳይሆን ማንኪያውን ድስቱ ሥር እየፈተጋችሁ አድምጡ፣ የአሸዋ ድምፅ ከጠፋ ሟሟ ማለት ነው። የድስቱ ጎን ላይ የተረጨ ስኳር ካለ በእርጥብ ብሩሽ ጥረጉት። አንዲት ፍሬ ስኳር እዚያ ደርቃ ቆይታ በኋላ ብትወድቅ ሌላውን ሁሉ ይዛ ወደ አሸዋ ልትለውጠው ትችላለች። የማይታመን ይመስላል፣ ግን ደርሶብኛል።

ከዚያ እሳቱን መካከለኛ አድርጉና ይፍላ። ከ25 እስከ 35 ደቂቃ ይፈጃል። አልፎ አልፎ ሥሩን አማስሉ፣ ወደ መጨረሻው ግን ያለማቋረጥ፣ ክሬሙ ስለሚያር። መጀመሪያ አረፋው ትልልቅና ፈጣን ነው። እየቆየ ውኃው ሲተን አረፋው ትንንሽና ከባድ ይሆናል፣ የገንፎ ፍል እንደሚለው ቧ ቧ ማለት ይጀምራል። ቴርሞሜትሩ 110 አካባቢ ደርሶ ረጅም ጊዜ የማይነቃነቅ ይመስላችኋል። እሳት አትጨምሩ። ያ ውኃው እየወጣ ያለበት ሰዓት ነው፣ ከዚያ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ሽቅብ ይሮጣል።

የምንፈልገው 122 ዲግሪ ነው። 118 ላይ ካወጣችሁት ለስላሳ፣ ጣት የሚይዝ ይሆናል። 125 ካለፈ ጥርስ ይፈትናል፣ ከዚያ ከገፋችሁበት የሚሰበር ነው የሚሆነው። ቴርሞሜትር ከሌለ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ አጠገባችሁ አድርጉ፣ ግማሽ ማንኪያ አንጠባጥቡበትና ውኃው ውስጥ በጣት አድቦልቡሉት። ተድቦልቡሎ ስታወጡት ቅርጹን ከያዘ፣ ስትጫኑት ደግሞ እሺ ብሎ ከተደፈጠጠ ደርሷል። ወዲያው ከተዘረጋ ገና ነው። ትኩሱን ከድስቱ በጣት መቅመስ የሚያምራችሁ ካላችሁ፣ ይህ ከፈላ ውኃ ይብሳል፣ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ አይራገፍም። ልጆችን ከወጥ ቤት አስወጡ።

አሁን አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ትልቅ ነገር። ከላይ ያልኳቸው ቁጥሮች ውኃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት አገር ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ እዚያ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከረሜላውም እንደዚያው ቀድሞ ይደርሳል። 122 እስኪል ከጠበቃችሁ ድንጋይ ነው የሚወጣችሁ። ዘዴው ቀላል ነው። መጀመሪያ ባዶ ውኃ አፍሉና ቴርሞሜትራችሁ ስንት እንደሚል እዩ። ከ100 የጎደለውን ከ122 ቀንሱ። 92 ካለ 114 ላይ አውርዱ። ይሄ ቴርሞሜትራችሁ ራሱ የሚዋሽ ከሆነም ያጋልጠዋል።

ሳልሚያኩ የሚገባበት ሰዓት

ደረሰ። ድስቱን ከእሳት አውርዱ። አረፋው እስኪተኛ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ። መጀመሪያ የሊኮሪሱን ለጥፍ ጨምሩና አዋሕዱ። ቀጥሎ ቀለሙን። ከዚያ የወጥ ጨውን። ሳልሚያኩን በስተመጨረሻ፣ በሦስት ዙር እየበተናችሁ፣ በደንብ እያማሰላችሁ።

ለምን መጨረሻ? ሳልሚያክ ኮምጠጥ ያለ ጨው ነው። ለረጅም ጊዜ አብሮ ሲፈላ ስኳሩን ይሰባብረዋል፣ የተሰባበረ ስኳር ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ከረሜላው በማግሥቱ እየላበ ይጣበቃል። ቶሎም ይጠቁራል፣ የአረረ ጣዕም ያመጣል። ከዚያ ላይ አሞኒያ እየተነነ ይሄዳል፣ እናንተ የፈለጋችሁት ስንፍጫ ወጥ ቤቱ ውስጥ ይቀራል፣ ከረሜላው ውስጥ ሳይሆን። መጀመሪያ አካባቢ እኔ ጨው መስሎኝ ከስኳሩ ጋር ነበር የምጨምረው፣ ከዚያ «ደከመ» እያልኩ መጠኑን እጨምር ነበር። ሰዓቱን ስቀይር ግማሹ በቃኝ።

አነስተኛ የአሞኒያ ሽታ አሁንም ይኖራል፣ መስኮት ክፈቱ። አስም ያለበት ሰው በዚህች ሰዓት ሌላ ክፍል ይቀመጥ። አንድ ነገር ደግሞ፦ ካራሜል ሲያበስሉ ሳሳ እንዲል ቤኪንግ ሶዳ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። እዚህ አይሞከርም። ሶዳ ከሳልሚያክ ጋር ሲገናኝ አሞኒያ ይለቃል፣ የእኔ የዋላ ቀንድ ታሪክ ይደገማል።

ፍጠኑና ቅርጹ ላይ አፍስሱት። ድስቱ ሥር የቀረውን ፍቃችሁ አትጨምሩ፣ እሱ ያረረው ነው። እሱ የአብሳዩ ድርሻ ነው፣ ሲበርድ።

መቁረጥና መጠቅለል

ከሦስት እስከ አራት ሰዓት በክፍሉ ሙቀት ይረፍ። ክዳን ሳይኖረው ማቀዝቀዣ ውስጥ አትክተቱት፣ እርጥበት ይጠጣል። ሲበርድ ከነወረቀቱ አውጡና ትልቅ ቢላ ዘይት ቀብታችሁ ስምንት በስምንት አድርጋችሁ ቁረጡ። አትሰንጥቁት፣ ከላይ ወደ ታች ተጫኑት። ቢላው ሲጣበቅ በሙቅ ውኃ ነክራችሁ፣ አድርቃችሁ፣ እንደገና ዘይት።

እያንዳንዱን በሰም ወረቀት ጠቅልሉት፣ ደስታ ከረሜላ እንደሚጠቀለለው ጫፍና ጫፉን ጠምዝዙ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ 64 ጊዜ። ሰው ሰብስባችሁ ቡና እየተፈላ ብትሠሩት ይሻላል፣ ግማሹ ሳይጠቀለል ቢበላም። ሳትጠቀልሉ እላዩ ላይ ብናኝ ለማድረግ ከፈለጋችሁ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የደቀቀ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሳልሚያክና አንድ የሻይ ማንኪያ ሊኮሪስ ቀላቅላችሁ በላዩ ነስንሱ። ምላስ ላይ መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ስለሆነ በጣም ይሰነፍጣል። ግን በዚያው ቀን ይበላ፣ ካደረ ይረጥባል።

በተከደነ ዕቃ፣ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ክሬም ያለበት ስለሆነ ከዚያ በላይ ካሰባችሁ ታሽጎ ማቀዝቀዣ ይግባ።

በጣም ከለሰለሰ ቁረጡትና ብርድ ውስጥ አስቀምጡት፣ በዚያው ይበላል። ሳልሚያክ ከገባ በኋላ መልሶ ማፍላቱን አልወደውም፣ ከላይ ባልኩት ምክንያት። በጣም ከጠነከረ ግን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ክሬም ጨምራችሁ ቀስ ባለ እሳት ማቅለጥ ትችላላችሁ፣ እዚያ ረጅም መፍላት የለም። ቅቤው ተለይቶ ላዩ ላይ ከተንሳፈፈ አንድ ማንኪያ ሙቅ ውኃ ጠብ አድርጋችሁ በኃይል አማስሉት፣ ይመለሳል።

ለጾመኛ

የፈረንጆቹ ገና በእኛ የገና ጾም መሃል ነው የሚውለው። ባልደረባ ቤት ስትጋበዙ ያ ሁሉ ክሬምና ቅቤ ፊታችሁ ተደርድሮ ሻይ ብቻ ይዛችሁ መቀመጥ አለ። ስለዚህ የጾም መንገድ አለኝ፣ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ከክሬሙ ይልቅ የምወደው ይሄንን ነው፣ ሱቅ ለሚሸጠው ሊኮሪስ የሚቀርበውም እሱ ነው። ፋብሪካዎችም ብዙውን ጊዜ በስንዴ ዱቄት ነው የሚሠሩት።

150 ግራም የስንዴ ዱቄት በደረቅ መጥበሻ ላይ ቆላ ቆላ አድርጉ፣ ሽታው እስኪወጣ፣ ሳይጠቁር። ይህ የጥሬ ዱቄት ጣዕሙን ያጠፋል። 250 ግራም ጥቁር ሽሮፕ ወይም የሚበላ ሞላሰስ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጋር እስከ 120 ዲግሪ አፍሉ፣ ደጋ ላይ ከሆናችሁ ያንኑ ቅናሽ አድርጉ። ሞላሰስ ስል ለምግብ ተብሎ የታሸገውን ነው፣ ከስኳር ፋብሪካ በበርሜል ወጥቶ ለከብት መኖ የሚሄደውን አይደለም። ከእሳት አውርዱና 15 ግራም ሊኮሪስ በትንሽ ዘይት ታሽቶ፣ ከዚያ 6 ግራም ሳልሚያክ። ከዚያ ዱቄቱን በትንሽ በትንሹ እየነሰነሳችሁ እንደ ገንፎ አማስሉ። እውነተኛ ማማሰያ ያስፈልጋል፣ ያ የሲሊኮን ነገር ይታጠፋል። መጀመሪያ እሺ ይላል፣ በመሃል ክንድ ይጠይቃል። ከድስቱ መላቀቅ ሲጀምር ዱቄት ይብቃው፣ የተረፈ ካለ ተዉት።

እጅ ሲችለው እጃችሁን ዘይት ቀብታችሁ አሹትና እንደ እርሳስ ቀጭን አድርጋችሁ በጠረጴዛው ላይ አንከባልሉት፣ በመቀስ ቁረጡት። እየበረደ ሲሄድ ስለሚጠነክር ሁለት ሰው ሆኖ መሥራት ጥሩ ነው። በሌሊት አየር ላይ ተዘርግቶ ይደር። በማግሥቱ ላስቲክ የመሰለ፣ የሚታኘክ ይሆናል።

ስንት ይበላል?

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ሊኮሪስ ቀልድ የማይወድ ነገር አለው። ግሊሲሪዚን ሲበዛ ሰውነት ጨውና ውኃ ይይዛል፣ ፖታሲየም ይጥላል፣ የደም ግፊት ይወጣል። አውሮፓ ውስጥ የሚመከረው ጣሪያ በቀን 100 ሚሊ ግራም ግሊሲሪዚን ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ደግሞ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በየቀኑ 57 ግራም ያህል ጥቁር ሊኮሪስ ለሁለት ሳምንት ቢበሉ የልብ ምት መዛባት ሆስፒታል ሊያስገባቸው እንደሚችል አስጠንቅቋል።

እስቲ የእኛን እናስላው። የገዛችሁት ዱቄት ውስጥ 10 በመቶ ግሊሲሪዚን አለ እንበል፣ ማሸጊያው ላይ ካለ ትክክለኛውን ተጠቀሙ። 15 ግራም ውስጥ 1,500 ሚሊ ግራም ነው። ለ64 ስናካፍለው አንዱ ፍሬ 23 ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛል። አራት ፍሬ ስትበሉ ጣሪያው ላይ ናችሁ። አራት! እኔ ቴሌቪዥን እያየሁ አሥር እጨርስ ነበር። አሁን ቀኑን በሙሉ ሦስት ነው።

ደም ግፊት ላለበት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት፣ ውኃ የሚያስወጣ መድኃኒት ለሚወስድና ለነፍሰ ጡር አታቅርቡ። እንግዳ የመጡ እናትና አባቶቻችን «አንድማ ምን ያደርገኛል» ብለው መቀበላቸው አይቀርም፣ የግፊት ክኒናቸውን ከቦርሳቸው እያወጡ። ለእነሱ ሌላ ነገር አዘጋጁ። ትንንሽ ልጆችም በአንድ ፍሬ ይወሰኑ።

ስለ ጥርስ ደግሞ ስዊድኖች የሚያውቁት አሳፋሪ ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሉንድ ከተማ በሚገኘው ቪፔሆልም ተቋም የአእምሮ እድገት ውሱንነት ያለባቸውን ታካሚዎች ሆን ብለው ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ካራሜል እያበሉ ጥርሳቸው እስኪበላ አጠኑባቸው። ፈቃዳቸውን የጠየቀ አልነበረም። ዛሬ እዚህ አገር በብዙ ቤት ልጆች ከረሜላ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚበሉት ያ ጥናት ካመጣው ምክር የተነሣ ነው። ይሄ የእኛም ከረሜላ የሚጣበቅ ዓይነት ነው።

ድስቱ ሲታጠብ

የተጣበቀውን በቢላ አትፋቁ። ድስቱን ውኃ ሙሉና አፍሉት፣ ራሱ ይለቃል፣ ከዚያ በሳሙና። በረኪና ግን አታስጠጉት። ሳልሚያክና በረኪና ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ድስቱን ብቻ ሳይሆን ሙቀጫውን፣ ማማሰያውን፣ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ነጭ ብናኝ ሁሉ መጀመሪያ በብዙ ውኃ አጥባችሁ አስወግዱ። የቀረውን ሳልሚያክ ደግሞ ክዳኑ ጥብቅ ያለ ብልቃጥ ውስጥ ክተቱና በትልቁ «ጨው አይደለም» ብላችሁ ጻፉበት፣ እኔ ቤት አንዴ ሽሮ ውስጥ ገብቷል።